የደረጃው ወረቀት

ቶፊቅን የሚያውቁ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በዐረብኛ ሰዋስው የሚደርስበት የለም፣ በሌላው ነገር ግን ማንም ይቀድመዋል። ከወሎ ለትምህርት ካይሮ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ትምህርቱን ጨርሶ አሁን የስደተኛ ልጆች በሚማሩበት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ያስተምራል፤ የሚኖረው ቡላቅ አል-ዳክሩር ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ደግሞ እናቱ መስዑዳ አብራው ትኖራለች። ትኖራለች ስል እንግዲህ ገብታ ቀርታለች ማለቴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት ወጥታ ደረጃውን አልወረደችም።

የያዛት ምን መሰላችሁ? ወረቀት! በሽታ አይደለም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው የያዛት። በር ስር የሚሸጎጠው፣ እጀታ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ከዚያ ነፋስ አንሥቶ ደረጃ ለደረጃ የሚበትነው ወረቀት። የፒዛ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር፣ የምንጣፍ አጣቢው፣ የዲሽ ጠጋኙ፣ እጁን አጣምሮ ፎቶ የተነሣው «የፊዚክስ ንጉሥ» ኡስታዝ ዐብዱረህማን። ለካይሮ ሰው ይህ ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ረግጦት ያልፋል። ለመስዑዳ ግን የቁርኣን ፊደል ነው። የግብፆቹን ንግግር አትሰማም፤ ፊደሉን ግን በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ ተምራዋለች፤ የአላህን ስም ደግሞ ከሩቅ ትለየዋለች። አገሩም ጉድ ነው እኮ! ሥጋ ቤቱ «የአላህ በረከት»፣ ምንጣፍ አጣቢው «የረህማን ብርሃን»፣ ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ስሙን ከፈጣሪው ጋር አያይዞታል።

እሷ ባደገችበት አገር እንዲህ ያለ ወረቀት መሬት ወድቆ ከተገኘ ይነሣል፣ ይሳማል፣ ግንባር ይነካል፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። የመጣች ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደረጃውን በዳበሳ ወጥታ ምኑንም አላየችም። በማግስቱ በሩን ስትከፍት ነው ጉዱን ያየችው።

«ያ ረቢ! ስምህን እየረገጥኩ ነው እንዴ የመጣሁት?» አለችና ደጃፏ ላይ ያለውን ለቅማ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በሯ ስር የገባውንና ደጃፏ ላይ ያለውን ትለቅማለች፤ ማዳበሪያ ሞልታ ሰገነት ላይ ታስቀምጣለች። ሦስት ማዳበሪያ ሞልቷል፤ አራተኛው ተጋምሷል። ከዚያ በታች ግን ጉልበቷ እያጎነበሰ አምስት ፎቅ የሚለቅም ጉልበት አይደለም።

ይህም ይሁን። መስዑዳ ግን ካይሮ የመጣችው በስለት ነው። የቶፊቅ አባት በሕይወት ሳለ «ልጄ ተምሮ ከጨረሰ ሄጄ የሰይዳ ዘይነብን መስጊድ እዘይራለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር። ልጁ ጨረሰ፣ አባት ግን ሳይደርስበት ሞተ፤ ስለቱ ለሚስቱ ቀረ። ቤቷንና ላሞቿን ለወንድሟ ለሙሐመድአወል አደራ ብላ፣ «ስለቱን አድርሼ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። መስጊዱ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ከሰፈሩ አንድ ማይክሮባስ ተይዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ሙሐመድአወል በየሳምንቱ ይደውላል።

«ዘየርሽ?»

«ኧረ በአላህ! ደረጃው በጌታዬ ስም ተነጥፎ በምን እግሬ ልውረድ?»

«ላሚቱ ወለደች እኮ። መቼ ነው የምትመጪው?»

«ስዘይር ነዋ። ስለቱን ጥዬ ልምጣ?»

ቶፊቅ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ እናቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ያገኛታል። ፊቷ ፀሐይ አጥቶ የገረጣ ይመስለዋል። «እናቴን ከሞቀ ቤቷ አምጥቼ አሰርኳት» ይላል ለራሱ፤ እህል አይበላለትም። ልሸከምሽ ቢላት «በሰው ትከሻ የምወርደው ስሞት ነው!» ብላ ተቆጣችው። አንድ ጠዋት ማልዶ አምስቱንም ፎቅ ለቅሞ ጨረሰና ላቡን እየጠረገ «ተነሽ እማ» አላት። እሷ ውዱእ አደረገች፣ ሰገደች፣ ዱዓዋን አስረዘመች፣ ነጠላዋን ፈለገች፤ ሲወጡ ሁለተኛው ፎቅ እንደገና ወረቀት በወረቀት ሆኖ ቆያቸው። ዞራ ወጣች። እየወረደ እንዳይለቅም ደግሞ እጁን ይዛ ነው የምትወርደው፤ ከለቀቃት ትወድቅበታለች።

ስለዚህ ቶፊቅ ወረቀቱን ከምንጩ ሊያደርቅ ቆርጦ ተነሣ።

አንዱን ማዳበሪያ ዘርግፎ ስልክ ቁጥሮቹን በየተራ ይደውል ጀመር። መጀመሪያ ፒዛ ቤቱን።

«ወንድሜ ሆይ፣ ወደ ቤታችን ወረቀት እንዳትልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ» አለ፣ በዚያ በመጽሐፍ ዐረብኛው።

«እሺ ጌታዬ፣ አድራሻህን ንገረኝ።»

«ለምን?»

«እንዳንልክልህ ነዋ! የት እንደማንልክ ካላወቅን በምን እንተዋለን?»

ይህ ለቶፊቅ አሳማኝ ሆነ። ስሙን ነገረ፣ ስልኩን ነገረ፣ ፎቁን ነገረ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ትልቅ ፒዛ ደጁ ላይ ደረሰ። ምን ያድርግ፣ ከፍሎ ተቀበለ። ካርቶኑ ላይ ጽሑፍ ስለነበረበት እሱም ተስሞ ሰገነት ወጣ።

የፊዚክሱ ንጉሥ ደግሞ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?» አለው።

«ልጅ የለኝም።»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ አላህ ይስጥህ። ሲወለድ ደውል» ብሎ ዘጋው።

መስዑዳ ምን እንዳለው ጠይቃ ስትሰማ፣ «የማያውቅህ ሰው እንኳ ገብቶታል» አለች፣ ሚስት ሳያገባ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ልጇን ከላይ እስከ ታች እያየች።

ስልኩ እንዳልሆነ ሲያይ ወደሚችለው ሥራ ዞረ። በየፎቁ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ ሊጽፍ ተቀመጠ። እንግዲህ የተማረ ሰው ወረቀት ሲጽፍ ያለ ቢስሚላህ አይጀምርም፤ ቶፊቅም በቢስሚላህ ጀመረ። ቀጥሎ አላህን አመሰገነ፣ በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረደ፣ ስለ ንጽሕና አራት መስመር ጻፈ፣ ለጎረቤቶቹ ዱዓ አደረገ። አሥረኛው መስመር ላይ «ማስታወቂያ መበተን ክልክል ነው» የሚለው ደረሰ። በአምስት ቅጂ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ አንዲት አናባቢ ምልክት ሳያጎድል ጽፎ ለጠፈው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብሎ የራሱን ጽሑፍ እንደገና አነበበ፤ ደስ አለው።

ያ ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የሕንፃው ደረጃ ይታጠባል። አጣቢዋ ሴትዮ ጎማዋን ይዛ ከላይ ትጀምርና ግድግዳውንም ደረጃውንም እየረጨች ትወርዳለች፤ የሚቀረውን ውኃው ራሱ ይጨርስላታል። መስዑዳ ረፋዱ ላይ በሩን ስትከፍት የልጇ እጅ ጽሑፍ ደጃፏ ላይ ተንጋሎ፣ ቢስሚላሁ ላይ ባለ ብዙ ጥርስ የጫማ ኮቴ ታትሞበት አገኘችው። ከታች ደግሞ አራቱ ወንድሞቹ አሉ።

«ቶፊቅ!»

«አቤት እማ።»

«እስከ ዛሬ የፒዛ ነበር። አሁን ያንተ ተጨመረበት!»

እውነቷን እኮ ነው። እነዚያ ቢያንስ ከፊደሉ በቀር ጉዳያቸው ሥጋና ምንጣፍ ነበር። ይህ ከላይ እስከ ታች የአላህ ስም ነው። ቶፊቅ በእርጥብ ደረጃ ላይ እየተንበረከከ አምስቱንም አነሣ፤ በዚያች ቀን ተማሪዎቹን ያለ ምክንያት ተቆጣቸው።

የቀረው በታኙን ራሱን መያዝ ነው። ሰኞ ክፍል ስለሌለው መጽሐፉን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። የሚለውንም አዘጋጅቷል፤ ረጅም ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ እንደ ልማዱ ሰዋስው የጠበቀ ነው። ቀትር ሲሆን የእግር ኮቴ ሰማ። ትከሻው ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው እያለከለከ ወጣና ከአንዱ በር ስር ወረቀት ሸጎጠ።

«አንተ ሰው፣ ቁም!» ብሎ ቶፊቅ ንግግሩን በዐረብኛ ለቀቀው።

ሰውየው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «ወይኔ ሙላቱ፣ ዛሬስ አለቀልህ!» አለ ለራሱ በአማርኛ።

ቶፊቅ ንግግሩን አቋረጠ። «ሐበሻ ነህ እንዴ?»

«አንተስ ሐበሻ ነህ እንዴ? ምን አባቴ ላድርግ፣ በዚያ ዐረብኛ የፍርድ ቤት ሰው መሰልከኝ እኮ!»

ሁለቱም ሳቁና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሙላቱ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ አገሩ ሳለ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ካይሮ ሦስት ዓመቱ ነው። «የስደተኛ መታወቂያዬን እጠብቃለሁ። እስኪመጣ የሰው ማስታወቂያ እበትናለሁ» አለ።

ቶፊቅ የእናቱን ነገር ከስለቱ እስከ ማዳበሪያው አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሙላቱ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ቶፊቅ ዞረ።

«ስምንት ወር ነው ያልከኝ?»

«ስምንት ወር።»

«እኔ ይህን ሕንፃ ከያዝኩ ዘጠኝ ወሬ ነው» አለና ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። «እናቴ ትሙት፣ የሰው እናት እንዳሰርኩ አላወቅኩም።»

«ተወዋ እንግዲህ! ይህን ሕንፃ እለፈው።»

«ብችል አልተውም ነበር? አለቃዬ በሞተር ብስክሌት ከኋላዬ ይመጣና በር በር ያያል። ወረቀት ያጣበት በር ካለ ኸላስ፣ አለቀ፣ በነጋታው ሌላ ሰው ነው የሚወጣው። እኔ ልጆች አሉኝ።»

ይህን እንዳለ ሙላቱ ጭኑን በጥፊ መታ። «ዓርብ ሥራ የለኝም። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ። አንተ እናትህን ያዝ፣ እኔ ከፊት ከፊታችሁ እየወረድኩ እለቅማለሁ። የበተንኩትን እኔው ብለቅም ምን አለ?»

ዓርብ ደረሰ። መስዑዳ ከጠዋቱ ጀምሮ ሰበብ አላጣችም። ጉልበቴ አለች። ጁምዓ ሰው ይበዛል አለች። ነጠላዬ አልደረቀም አለች፤ ቶፊቅ ነካ ቢያደርገው ደርቋል።

«እማ፣ ሰውዬው ደጅ ቆሞ እየጠበቀን ነው።»

ይህ ያዛት። እንግዳ ደጅ አቁሞ ማስጠበቅ በእሷ ዘንድ ነውር ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሙላቱ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «እንደምን አደሩ እማማ» ብሎ እጅ ነሣና ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ ወደ ኋላው ይወርድ ጀመር። አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ያጎነብሳል፣ ያነሣል። መጀመሪያ ላይ ያነሣውን ቀጥታ ማዳበሪያው ውስጥ ይከት ነበር፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ከግድግዳው ጥግ የቀረች አንዲት ወረቀት መስዑዳ ራሷ አንሥታ ግንባሯን ስታስነካ አየ። ከዚያ በኋላ እሱም የፒዛውንም የዲሹንም እያነሣ ግንባሩን ያስነካ ጀመር። ቶፊቅ ሳቁ መጣበትና ዋጠው፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥበት ሆነ።

«ክርስቲያን ነህ መሰለኝ፣ የኔ ልጅ?» አለች መስዑዳ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«አዎ እማማ።»

«የእናቴ አጎት ገብረ መድኅን ነበር ስሙ። እንዳንተው ቀጭን ነበር።»

«ታዲያ ዘመድ ነና!»

«ዘመድማ ካልሆንክ ማን ይህን ያደርጋል?»

ሩብ ሰዓት ፈጅቶባቸው ታች ደረሱ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች አንድ ወረቀት የለበትም። መስዑዳ ሙላቱን ትከሻውን ሳመችው። «መታወቂያህን አላህ በእጅህ ያስገባልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ» ብላ መረቀችው። እሱም ማዳበሪያውን ተሸክሞ፣ «ይህን በራችሁ ላይ አድርሼ እሄዳለሁ» ብሎ አምስቱን ፎቅ ተመልሶ ወጣ።

ቶፊቅና እናቱ ወደ መንገዱ ወጡ።

ያኔ ነው ቶፊቅ ክው ያለው። ስለ ደረጃው ሲጨነቅ መንገዱን ረስቶታል! ጠዓሚያ ለሚሉት የባቄላ ጥብስ መጠቅለያ የሆነ ጋዜጣ ጭቃው ላይ ተጣብቋል። የሱቅ ከረጢት፣ የተቀደደ ፖስተር፣ የሻይ ካርቶን፣ የትናንት ማስታወቂያ፤ ካይሮ ሙሉዋን በዐረብኛ ተጽፋ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ይህን ደግሞ ሺህ ሙላቱ ቢመጣ አይለቅመውም። እናቱ አሁን ዞራ እንደምትመለስ አልተጠራጠረም፤ እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

መስዑዳ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገችና ተራመደች። ቀልጠፍ ብላ ነው የተራመደችው። አንድ ቢጫ የምንጣፍ አጣቢ ወረቀት ፊቷ ነበር፤ ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል። መሃሉን ረገጠችው።

«እማ! ረገጥሽው እኮ!»

«አየሁት» አለች። አልቆመችም። «አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እንደዚያው እየተራመዱ ማይክሮባስ መጠበቂያው ደረሱ። እዚያ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ጥላ ስር ቆሙ። እናቱን አያት፤ አላየችውም።

«እማ፣ ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ...»

«መጀመሪያ የእውነቴን ነበር» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ወላሂ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ኋላ ግን ሙሐመድአወል ይደውል ጀመር። ዘየርሽ? መቼ ነው የምትመጪ? ይለኛል። እኔም አሰብኩ። ካልወረድኩ አልዘይርም፣ ካልዘየርኩ አልሄድም። ዘያራዬን ካደረስኩማ ምን ብዬ እቀመጣለሁ? ቤቴንና ከብቴን በሰው እጅ ትቼ፣ ሰው ምን ይለኛል? አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ነው ያየሁህ፣ ልጄ። ማታ ማታ በሩን ከፍተህ ስትገባ አያለሁ። እራትህን ስትበላ አያለሁ። ስምንት ወር ምን አላት?»

ቶፊቅ ዓይኑ ሞላ። አፈረም። ታስራ የምትሠቃይ መስሎት ከፒዛ ቤት ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲያደባ፣ እናቱን ከራሱ ቤት ለማስወጣት ነበር ለካ እንዲያ የለፋው! መስኮቱ ጋ ስትቀመጥም መንገዱ ናፍቋት መስሎት ነበር፤ የእሱን መምጣት ነበር የምታየው።

«ስለቱስ?» አለ። «አባቴስ?»

«አባትህ ቸኩሎ አያውቅም። ስለቱን አልተውኩም፤ አደርሰዋለሁ። ሰይዳ ዘይነብም የትም አትሄድም።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። «በል ግን፣ ወጥተናል። ያ ሰው አጎንብሶ አውርዶኝማ ሳልሄድ ብቀር ነውር ነው።»

ማይክሮባሱ መጣ። ረዳቱ ግማሽ ሰውነቱን በበሩ አውጥቶ «ሰይዳ! ሰይዳ ዘይነብ!» እያለ ይጮኻል። ፊታቸው ቆመ። ውስጡ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጠዋል።

መስዑዳ አንድ እግሯን አነሣች። ቶፊቅ ክንዷን ያዘ።

«ሞልቷል፣ እማ» አለ።

ረዳቱ ግራ ገብቶት አንዴ እነሱን፣ አንዴ ወንበሮቹን አየ። ከዚያም «ግቡ እንጂ!» እያለ ባዶውን ወንበር በመዳፉ መታ መታ አደረገላቸው።

«ሞልቷል» አለ ቶፊቅ ደግሞ።

መስዑዳ ልጇን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ተመለከተችና እግሯን መለሰች።

«እውነትህን ነው» አለች። «መቆሚያም የለው።»